የሚነቃነቅ ካቢኔት ቤታችሁ አለ? ብሎኑን ከማጥበቃችሁ በፊት ይህን አንብቡ

 

ዛሬ የምጽፈው ስለ ደም ግፊትም ስለ ስኳርም አይደለም። ስለ ካቢኔት ነው። አዎ፣ ኪችን ግድግዳ ላይ ስለተሰቀለው፣ ሳህንና ብርጭቆ ስለምንደረድርበት ካቢኔት። «ዶክተር፣ አናጺነት ጀመሩ እንዴ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሱኝና እስከ መጨረሻው አንብቡት። ምናልባት ዛሬ ማታ ኪችን ገብታችሁ አንድ ነገር በእጃችሁ ትነካኩ ይሆናል።

ከጥቂት ወራት በፊት ነው። የማታ ተረኛ ነበርኩ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት አካባቢ አንዲት እናት የአራት ዓመት ልጇን አቅፋ ድንገተኛ ክፍል እየሮጠች ገባች። (ቤተሰቡ እንዳይታወቅ አንዳንድ ዝርዝሮችን ቀይሬያለሁ።) የልጅቷ ግንባር በነጠላ ተጠምጥሟል፤ ነጠላው ደም በደም ሆኗል። ከኋላ አያትየው ቆመዋል፤ ቁስሉ ላይ የነሰነሱት የቡና ዱቄት ጣታቸው ላይ እንዳለ ነው። «ምን ሆና ነው?» ስል እናትየው የመለሰችልኝ አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «ካቢኔት!»

ልጅቷ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ናት። ቁስሉን አጥበን ሰፋን፣ ሲቲ ስካን ተነሳች፣ የውስጥ ደም መፍሰስ የለም ተባለ። ሌሊቱን እዚያው አድራ ጠዋት ብስኩት እየበላች ወደ ቤቷ ሄደች። ግንባሯ ላይ ግን ጠባሳውን ይዛው ታድጋለች።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ቁስሉ አይደለም፤ ቁስልማ ስንቱን አየን። እናትየዋ ስታለቅስ የተናገረችው ነው። «መነቃነቅ ከጀመረ እኮ ቆይቷል ዶክተር። ሲላላ አባቷ ያጠብቀዋል፣ መልሶ ይላላል። ያለፈው እሁድም አጥብቆት ነበር።» አያትየው ደግሞ ጥግ ላይ ቁጭ ብለው «እኔ ነኝ በሩን የከፈትኩት፣ እኔ ነኝ ልጄን ጉድ የሠራኋት» እያሉ ደረታቸውን ይመታሉ። «እማማ፣ እርስዎ አይደሉም፤ ካቢኔቱ ሊወድቅ ቀኑን ሲጠብቅ ነበር» አልኳቸው። የሰሙኝ አልመሰለኝም።

ጠዋት ቤቴ ስገባ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ቀጥታ ኪችን ሄድኩ። የእኛ ካቢኔት ከምድጃው ጎን ከፍ ብሎ ነው የተሰቀለው። የላይኛውን ጠርዝ በእጄ ዳሰስኩት። በካቢኔቱና በግድግዳው መካከል ትንሿ ጣቴ ገባች።

ምን ልበላችሁ፣ አፈርኩ። ምክንያቱም ከሁለት ወር በፊት ባለቤቴ «ይሄ ነገር ይነቃነቃል» ብላኝ ነበር። እኔም ያደረግሁት ያ አባት ያደረገውን ነው። ቀዳዳው ውስጥ የክብሪት እንጨት ከትቼ፣ ብሎኑን በካቻቢቴ አጥብቄ፣ «ተስተካክሏል» ብዬ እጄን ታጠብኩ። ልጆቼ ደግሞ እዚያው ስር ቆመው ነው ውሃ የሚቀዱት።

ስለዚህ የዛሬው ሐሳቤ አጭር ነው። አጥብቃችሁት መልሶ የላላ ካቢኔት ብሎኑ አይደለም የተበላሸው፤ ቀዳዳው ነው። የተበላሸ ቀዳዳ ውስጥ ብሎን ማጥበቅ በየቀኑ ራሱን ለሚያመው ሰው በየቀኑ ፓራሲታሞል እንደመስጠት ነው። ለጊዜው ያስታግሳል፣ በሽታው ግን ስር ሆኖ ይቀጥላል። እንዲያውም ይብሳል፣ ምክንያቱም «ታክሟል» ብለን እንዘናጋለን። ካቢኔቱ ሲነቃነቅ የነበረውን ጥንቃቄ፣ ከተጠበቀ በኋላ ማንም አያደርገውም።

እስቲ ስለ ክብደቱ እናውራ። የዚያን ቀን በንዴት ካቢኔቱ ውስጥ ያለውን ሁሉ አውጥቼ በቤት ሚዛን መዘንኩት። ሳህኑ፣ ብርጭቆው፣ የሸክላ ድስቱ፣ የሽሮና የበርበሬ ዕቃው፣ «ለእንግዳ» ተብሎ ዓመት ሙሉ የማይነካው የሻይ ስኒ... 34 ኪሎ! የካቢኔቱ የራሱ ክብደት ሳይጨመር ማለት ነው። የአስር ዓመት ልጅ ግድግዳው ላይ ሰቅለን ነው የምንኖረው።

ይህ ክብደት ወደ ታች ብቻ አይደለም የሚጎትተው። ካቢኔቱ ከግድግዳው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት የወጣ ስለሆነ የላይኛውን ጠርዝ ከግድግዳው ለመንቀልም ይጎትታል። በሩን በከፈታችሁ ቁጥር ጉተታው ይጨምራል። አንድ ልጅ ወንበር ላይ ወጥቶ ጠርዙን ከተንጠለጠለበት ደግሞ በጣም ይጨምራል። ለዚህ ነው ካቢኔት ሁልጊዜ ከላይ በኩል ቀድሞ የሚለቀው። ከላይ ክፍተት አያችሁ ማለት ውድቀቱ ጀምሯል ማለት ነው።

በማግስቱ አንድ ጎረቤታችንን ጠራሁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በእንጨት ሥራ የኖሩ ትልቅ ሰው ናቸው። ገብተው ካቢኔቱን ከማየታቸው በፊት ግድግዳውን በጣታቸው አንጓ ማንኳኳት ጀመሩ። «ዶክተር፣ አንተ የሰው ደረት አንኳኩተህ አይደል በሽታውን የምታውቀው? ግድግዳም እንደዚያው ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ደረትን እያንኳኩ መመርመርን በ1761 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ያሳተመው ኦስትሪያዊው ሐኪም ሊዮፖልድ አውንብሩገር የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ልጅ ነበር፤ ሐሳቡን ያገኘውም የወይን ጠጅ በርሜል ምን ያህል እንደጎደለ ለማወቅ ሲንኳኳ አይቶ ነው ይባላል። ባዶ ነገር ሌላ ድምፅ አለው፣ ሙሉ ነገር ሌላ ድምፅ አለው።

የእኛ ግድግዳ «ዶም ዶም» አለ። «ባዶ ብሎኬት» አሉ ጋሼ። ከዚያ ብሎኑን ያዙና በካቻቢቴ ሳይሆን በጣታቸው መዘዙት። ፊሸሩም ከነልስን ዱቄቱ አብሮት ወጣ። መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው አሳዩኝ። «ቁጠር» አሉኝ። ብሎኑ 4 ሴንቲ ሜትር ነው። ከዚህ ውስጥ ወደ 2 ሴንቲ የሚጠጋው የካቢኔቱ ጣውላ ውስጥ ነው የሚቀረው። ልስኑ ራሱ 2 ሴንቲ ያህል ይወፍራል። ቀሪው ስንት ነው? ምንም! ካቢኔታችን ስንት ዓመት ሙሉ የተንጠለጠለው ግድግዳው ላይ ሳይሆን ልስኑ ላይ ነበር።

በነገራችን ላይ ሁላችንም «ፊሸር» የምንለው ነገር ስሙን ያገኘው ከሰው ነው። አርቱር ፊሸር የተባለ ጀርመናዊ ፈጣሪ በ1958 እ.ኤ.አ. የሠራው የናይለን መያዣ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ብሎኑ ሲገባ ፊሸሩ ያብጥና የቀዳዳውን ግድግዳ በሁሉም አቅጣጫ ይጫናል፤ የሚይዘው በዚያ ጭነት ነው። ታዲያ ዙሪያው ባዶ አየር ከሆነ ምን ሊጫን ነው? ዙሪያው የሚፈረፈር ልስን ከሆነስ? በቃ፣ ብሎኑን ስናዞረው አብሮ ይዞራል። ያንን ስናይ እኛ ደግሞ ክብሪት እንጨት እንጨምርለታለን። ክብሪት እንጨት ካላንደር ለመስቀል ይበቃ ይሆናል፤ 34 ኪሎ ለመሸከም ግን አይሆንም።

እንግዲህ ከጋሼ የተማርኩትንና ራሴም አብሬያቸው ስሠራ ያየሁትን በቅደም ተከተል ላስቀምጥላችሁ።

1. ዛሬውኑ ባዶ አድርጉት። የሚነቃነቅ ካቢኔት ካላችሁ ባለሙያ እስኪመጣ አትጠብቁ። ዕቃውን አውጡና መሬት ላይ ደርድሩት፣ ልጆችንም ከስሩ አርቁ። ይህ ብር አያስወጣም፣ አሥር ደቂቃ ነው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ከወሰዳችሁ ይህንን ውሰዱ።

2. ሁለት ሰው ሆናችሁ አውርዱት። አንዱ ከስር በሁለት እጁ ይደግፋል፣ ሌላው ይፈታል። ብቻውን ሲያወርድ ጣቱ የተጨፈለቀ፣ ከፕላስቲክ በርጩማ ወድቆ እጁ የተሰበረ ሰው አክሜያለሁ። በርጩማ መሰላል አይደለም!

3. ግድግዳችሁን እወቁ። አንኳኩ። ድፍን ድምፅ ካለው ኮንክሪት ወይም ጡብ ሊሆን ይችላል፤ ተራው ፊሸር ጥሩ አድርጎ ይይዛል። ባዶ ድምፅ ካለው ብሎኬት ነው፤ በኮንዶሚኒየምም በሌላውም የከተማ ቤት በብዛት ያለው ይሄ ነው። የህንጻ መሣሪያ መሸጫ ስትሄዱ ዝም ብላችሁ «ፊሸር ስጡኝ» አትበሉ፤ «ለባዶ ብሎኬት የሚሆን ረጅሙን» በሉ። ባዶው ውስጥ ሲገባ ተጠቅልሎ የሚቋጠረው ዓይነት ማለት ነው። በቀጭን ፓነል፣ ለምሳሌ በአግሮስቶን ወይም በጂፕሰም ቦርድ በተከፈለ ክፍል ግን ከባድ ካቢኔት ፓነሉ ላይ ብቻ አትስቀሉ፤ ከኋላው ያለው ፍሬም መገኘት አለበት። የጭቃ ቤት ከሆነም ልስኑ ምንም አይሸከምም፤ ብሎኑ ውስጥ ያለውን ቋሚ እንጨት ማግኘት አለበት። እሱ ካልተገኘ ካቢኔቱን እግር አሠርቶ መሬት ላይ ማቆም ይሻላል። አሜሪካ ያላችሁ ተከታታዮቼ ደግሞ የእናንተ ግድግዳ ጂፕሰም ቦርድ ሆኖ ከኋላው በየ40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቋሚ እንጨት አለው፤ የእናንተም ብሎን እሱን ነው መያዝ ያለበት።

4. ከመብሳታችሁ በፊት መብራት አጥፉ። ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ በቀጥታ ወደ ላይ፣ ወደ ታችና ወደ ጎን አትብሱ፤ ገመዱ በብዛት የሚሄደው በዚያ መስመር ነው። ከቧንቧውም መስመር ራቁ። ድሪሉን ከሌላ መስመር ወይም በባትሪ ተጠቀሙ።

5. የድሮውን ቀዳዳ ተዉት። ከእሱ ቢያንስ አምስት ስድስት ሴንቲ ሜትር ራቅ ብላችሁ አዲስ ብሱ፤ የድሮውን በጂፕሰም ድፈኑት። ብሎኬት ስትበሱ የድሪሉን መዶሻ አጥፉት፤ እየመታ ከገባ የብሎኬቱን ቀጭን ግድግዳ ከውስጥ በኩል ይሰብረዋል። እላይ ቀዳዳው ትንሽ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ጡጫ ያስገባል።

6. መጠኑን አስተካክሉ። የድሪሉ ጫፍ ከፊሸሩ ጋር አንድ ቁጥር መሆን አለበት፤ ለ8 ሚሊ ሜትር ፊሸር 8 ሚሊ ሜትር። «ቶሎ እንዲገባ» ብላችሁ አታስፉት። የብሎኑን ርዝመት በስሌት ግዙ፤ የካቢኔቱ ጣውላ፣ ሲደመር ልስኑ፣ ሲደመር የፊሸሩ ሙሉ ርዝመት። የእኛው 18 እና 20 እና 50 ነበር፤ ስለዚህ 90 ሚሊ ሜትር ገዛን። የበፊቱ 40 እንደነበረ አትርሱ! ከዚያ የቀዳዳውን አቧራ ጠርጋችሁ አውጡ። አቧራ ውስጥ የገባ ፊሸር ይንሸራተታል።

7. ክብደቱን አከፋፍሉ። ጋሼ ካቢኔቱን በሁለት ብሎን መልሰው አልሰቀሉትም። መጀመሪያ ግድግዳው ላይ በውሃ ልክ የተስተካከለ ሞራሌ አግድም አሠሩ፣ አምስት ቦታ። ካቢኔቱን ከላይ በእሱ ላይ አሰሩት። ከስሩ ደግሞ ሁለተኛ ሞራሌ አድርገው አስቀመጡት፤ ክብደቱን ከስር የሚሸከም ትከሻ አገኘ ማለት ነው። አንዱ ቢላላ አራቱ ይይዛሉ።

8. ካቢኔቱን ራሱንም መርምሩት። አንዳንዴ ግድግዳው ደህና ሆኖ የሚለቀው ካቢኔቱ ነው። የብዙ ካቢኔቶች ጀርባ ቀጭን ማዞናይት ነው፤ ብሎን በእሱ ውስጥ ብቻ ካለፈ ቀዶት ይወጣል። ብሎኑ ወፍራሙን ማሰሪያ ጣውላ መያዝ አለበት፣ ከሮንዴላ ጋር። የምድጃ እንፋሎት የጠጣ ቺፕውድ ደግሞ ያብጥና እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል፤ እሱ መቀየር እንጂ መጠገን የለበትም።

9. ሞክሩት፣ ከዚያ ጫኑት። ባዶውን ጠርዙን ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ጎትቱ፤ ምንም መንቀሳቀስ የለበትም። ከዚያ ዕቃውን በጥቂት በጥቂቱ መልሱ፤ ከባዱን ከታች ባለው መሬት ካቢኔት፣ ቀላሉን ከላይ፣ ከላይም ቢሆን ከበድ ያለውን ወደ ጀርባ ጠጋ አድርጋችሁ። ከሳምንት በኋላ ዳስሱት። ከዚያ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ ወይም ለዒድ ቤት ስታጸዱ፣ የላይኛውን ጠርዝ በእጃችሁ ዳስሱ።

እንደ ሐኪም ሁለት ነገር ልጨምር። ስትበሱ መነጽርና ማስክ አድርጉ። የሲሚንቶ ፍንጣሪ ዓይን ውስጥ ከገባ ጨዋታ አይደለም፤ የብሎኬቱ አቧራም ለሳንባ ጥሩ አይደለም። ልጆች ደግሞ አቧራው እስኪጸዳ ሌላ ክፍል ይሁኑ።

አሁን ወደ አንድ ከበድ ያለ ጉዳይ ልግባ፤ እዚህ ላይ የማይስማማ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ።

ብዙዎቻችን የምንኖረው ኪራይ ቤት ነው። ብዙ አከራዮች ደግሞ ቁልፍ ሲያስረክቡ መጀመሪያ የሚሉት «ግድግዳ እንዳትበሱ» ነው። የዚያች ልጅ አባትም ካቢኔቱን በድሮው ቀዳዳ ውስጥ ደጋግሞ ያጠበቀው ስላላወቀ ብቻ አልነበረም። አዲስ ለመብሳት ፈቃድ ጠይቆ «አይሆንም፣ ግድግዳዬን አታበላሹ» ተብሎ ነበር። ካቢኔቱ የአከራዩ ነው፣ ግድግዳው የአከራዩ ነው፣ ግንባሩ ግን የልጅቷ ነው።

የአከራዮችን ሥጋት እረዳለሁ። ተከራይ ግድግዳውን እንደ ወንፊት በስቶት የወጣባቸው፣ ቧንቧ በስቶ ታች ያለውን ቤት ሁሉ ያጥለቀለቀባቸው አሉ። ግን እስቲ በእውነት እናስላው። የ8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ተከራዩ ሲወጣ በአንድ ማንኪያ ስቱኮ ይደፈናል፣ ቀለም ይቀባል፣ ያበቃል። የተሰበረ የራስ ቅል በስቱኮ አይደፈንም። አንድ ፓኬት ፊሸር፣ አንድ ሞራሌና የባለሙያ የግማሽ ቀን ዋጋ ተደምሮ ከአንድ ሲቲ ስካን ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ የአንዲት እናትን ያን ሌሊት ደግሞ በምንም ብር አንተምነውም።

ስለዚህ አከራዮች፣ እባካችሁ! «አትበሱ» ከማለት «እኔ የማውቀው ባለሙያ ይብሳው» በሉ። ቤቱን ከማከራየታችሁ በፊትም እናንተው የተሰቀለውን ሁሉ አንድ ጊዜ ጎትታችሁ ሞክሩት። ተከራዮችም፣ ሲነቃነቅ ዝም አትበሉ። ፎቶ አንስታችሁ በጽሑፍ መልእክት ላኩ፤ «ይህ ካቢኔት ከግድግዳው እየለቀቀ ነው፣ ልጆች አሉ፣ እንዲጠገን ወይም እንዲወርድ ይፈቀድልን» በሉ። ፈቃድ እስኪመጣ ደግሞ ባዶ አድርጉት። ባዶ ለማድረግ የማንም ፈቃድ አያስፈልጋችሁም።

ጉዳዩ የኪችን ካቢኔት ብቻም አይደለም። ሳሎናችሁ ያለውን ቡፌ፣ በላዩ የቆመውን ቲቪ፣ የልጆች መኝታ ቤት ያለውን ቁም ሳጥንም እዩት። ልጆች መሳቢያ ሲያዩ ደረጃ ነው የሚመስላቸው። አሜሪካ ውስጥ ኢኬያ በ2016 እ.ኤ.አ. ወደ 29 ሚሊዮን የሚጠጉ ባለ መሳቢያ ቁም ሳጥኖችን ከገበያና ከየቤቱ እንዲመለሱ የጠራው ከግድግዳ ጋር ሳይታሰሩ ሲቀሩ ልጆች ላይ እየተገለበጡ ሕይወት በማጥፋታቸው ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻም የልብስ ቁም ሳጥኖች እንዳይገለበጡ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። እኛ ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ የለብንም። ቡፌውን ከጀርባ በኩል በሁለት አንግል ብረት ከግድግዳው ጋር ማሰር የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላም አደጋው ከደረሰስ? ይህን ክፍል ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት።

ደም እየፈሰሰ ከሆነ ንጹሕ ጨርቅ አድርጋችሁ ጫን ብላችሁ ያዙ፤ በየደቂቃው እያነሳችሁ አትዩ። ቡና፣ ዱቄት፣ ቅባት ቁስሉ ላይ አትጨምሩ። እማማ ቡናውን የነሰነሱት በፍቅር ነው፣ ነገር ግን ከመስፋታችን በፊት ቁስሉን ከቡና ለማጽዳት ብዙ ደቂቃ ፈጅቶብናል፤ ሕፃኗም በዚያ ሁሉ ሰዓት ታለቅስ ነበር። ቁስሉ ስር አጥንቱ የገባ ወይም የሚነቃነቅ ከመሰላችሁ ግን በኃይል አትጫኑት። የወደቀው ነገር የፈላ ውሃ ወይም ዘይት ደፍቶ ካቃጠለ የተቃጠለውን ቦታ ለ20 ደቂቃ ቀዝቀዝ ባለ ንጹሕ ውሃ አፍስሱበት፤ በረዶም የጥርስ ሳሙናም አይደለም።

ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ከሚከተሉት አንዱ ከታየበት «ነገ እናየዋለን» አይባልም፣ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል፤

• ለአጭር ጊዜም ቢሆን ራሱን ከሳተ
• ደጋግሞ ካስመለሰው
• ከወትሮው በተለየ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ለመቀስቀስ ካስቸገረ ወይም ከዘባረቀ
• ሰውነቱ ከተንቀጠቀጠ፣ እጅ ወይም እግሩ ከደከመ
• ከጆሮው ወይም ከአፍንጫው ደም ወይም እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ከወጣ
• የዓይኑ ብሌን አንዱ ከአንዱ ከበለጠ
• እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት ካለው፤ ሕፃን ከሆነ ደግሞ ማልቀሱን ካላቋረጠ ወይም አልጠባም ካለ

አንገቱን የሚያመው ከሆነ ደግሞ አታንሱት፣ አታስቀምጡት፤ እንዳለ ሆኖ አምቡላንስ ጥሩ። 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ 939 የእሳትና አደጋ መሥሪያ ቤቱ ነው። ምንም ምልክት ባይኖርም የመጀመሪያዎቹን 24 ሰዓታት ከልጁ አትለዩ፤ ሌሊትም ቀስቅሳችሁ እዩት። አንዳንድ የውስጥ ደም መፍሰስ ቆይቶ ነው የሚታየው።

ልጨርስ። ጋሼ ሥራቸውን ጨርሰው ሲወጡ ያንን 4 ሴንቲ ሜትር ብሎንና ልስን የለበሰውን ፊሸር ሊጥሉት ሲሉ ተቀበልኳቸው። አሁን ኪችን መስኮቱ ላይ ነው ያለው። ባለቤቴ «ቆሻሻ ሰብሳቢ ሆንክ» ትለኛለች። እኔ ግን ባየሁት ቁጥር ያን አባት አስታውሳለሁ። ሰነፍ አልነበረም፣ ግድ የለሽም አልነበረም። በየእሁዱ ካቻቢቴውን ይዞ ይቆም ነበር። የጎደለው ያ ቀዳዳ እንደሞተ የሚነግረው ሰው፣ እና «እሺ፣ ብሳው» የሚለው አከራይ ነው። እኔ ዛሬ አንደኛውን ልሁንላችሁ ብዬ ነው የጻፍኩት።

አሁን ስልካችሁን አስቀምጡና ሂዱ። የካቢኔቱን የላይኛውን ጠርዝ በእጃችሁ ዳስሱ። ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ ዕቃውን ዛሬውኑ አውርዱ። ያገኛችሁትን ከስር በአስተያየት መስጫው ጻፉልኝ። ኪራይ ቤት ለሚኖር ወዳጃችሁ፣ ለአከራያችሁም ጭምር፣ ሼር አድርጉላቸው።

ጤናና ሰላም ለቤታችሁ ይሁን። ቸር እንሰንብት!